ሴኩ ቱሬ የራሱን የሠራተኛ ማኅበር ለምን ዋጠው?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ጊኒው ሴኩ ቱሬ ለተማሪዎቼ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እኔ የማውቀው፣ ከፖስታ ቤት ጸሐፊነት ተነሥቶ የሠራተኞች መሪ ሆነ፣ በአንድ ንግግር ለፈረንሳዩ መሪ ለደጎል እምቢ ብሎ አገሩን ነፃ አወጣ፣ በኋላ ግን ፈረንሳይ ስታሴርበት ተለወጠና የራሱን የሠራተኛ ማኅበር አጠፋ የሚለውን ነው። ይህ ልክ ነው? ከሠራተኛ ወገን የመጣ ሰው ሠራተኛን እንዴት ያስራል? ለክፍል እንዴት ባቀርበው ይሻላል?»

ምላሽ፦ ሰዎቹና ቦታዎቹ ልክ ናቸው፤ የተፋለሰው ቅደም ተከተሉና ምክንያቱ ነው። ጊኒን ከፈረንሳይ የለያት ንግግር አይደለም። ማኅበሩም የተዋጠው ከነፃነት በኋላ በመጣ ሴራ ሳይሆን ነፃነት ከመታወጁ ከአንድ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ቱሬ ራሱ ባወጣው መርሕ ነው። «ተለወጠ» የሚለው ቃል ነገሩን ይሸፍነዋል። ሰውዬው ከ1957 እስከ 1984 አንድ ነገር ነው ሲል የኖረው፤ የተለወጠው አሠሪው ማን እንደሆነ ነው። (ከታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ከተማሪዎችዎ ጋር እንዳይምታታ አስቀድመው ይንገሯቸው። የፈረንሳይ ግዛቶች ደጎል ባቀረበው ሕገ መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ይቀጥሉ («አዎ») ወይስ ይለዩ («አይሆንም») በሚል ሴፕቴምበር 28 ቀን 1958 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በእኛ መስከረም 18 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው።)

ቱሬ በ1922 ፋራና በምትባል የመሀል ጊኒ ከተማ ተወለደ። ፈረንሳዮችን ለዓመታት ተዋግቶ በ1898 የተማረከው የሳሞሪ ቱሬ የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ ይል ነበር፤ ይህን በጽሑፍዎ ሲያስገቡ «ይል ነበር» ብለው ያስገቡት፣ ምክንያቱም የትውልድ ሐረጉ በኋላ የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ አካል ሆኗል። በኮናክሪ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለ በተማሪዎች አድማ ሰበብ ተባረረ፤ በ1941 በፖስታ፣ ቴሌግራፍና ስልክ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። በ1945 የዚያን መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ማኅበር አቋቁሞ ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ ማኅበሩ ሴዤቴ ከሚባለው፣ ወደ ኮሚኒስቶች ካደላው ትልቁ የፈረንሳይ ሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ጋር ተያያዘ።

ፖስታ ቤት መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። በዚያን ጊዜ ጊኒ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ደሞዝ በወር የሚቀበል፣ በየአውራጃው ከተማ ባልደረባ ያለው፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወር አፍሪካዊ ጥቂት ነበር። የፖስታና የባቡር ሠራተኞች፣ መምህራንና የጤና ረዳቶች የዚህ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ማኅበር ለማቆም የሚያስፈልገው የመልእክት መረብ በእጃቸው ነበር። በኋላ ፓርቲው በየመንደሩ የዘረጋው መዋቅር በዚህ መረብ ላይ የተሠራ ነው።

አሁን ወደ 1953ቱ አድማ እንምጣ። ጽሑፍዎ ከዚህ ቢነሣ ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ፈረንሳይ በዲሴምበር 1952 ለባሕር ማዶ ግዛቶቿ አዲስ የሠራተኛ ሕግ አጸደቀች፤ የሥራ ሳምንቱ 40 ሰዓት እንዲሆን ደነገገች። ከዚያ በፊት የተለመደው 48 ሰዓት ነበር። ሕጉ ሲታይ ለሠራተኛው ትልቅ ድል ነው። ክፍያው ግን በሰዓት ነበር፤ ችግሩም እዚህ ላይ ተነሣ። በሰዓት 10 ፍራንክ የሚከፈለው ሠራተኛ እንውሰድ፤ ቁጥሩን የመረጥኩት ስሌቱ እንዲቀልል ነው። በ48 ሰዓት 480 ፍራንክ ያገኝ ነበር። ሰዓቱ ወደ 40 ሲወርድ 400 ብቻ ያገኛል፤ ከገቢው አንድ ስድስተኛው ሄደ ማለት ነው። ያንኑ 480 ፍራንክ ይዞ ቤቱ እንዲገባ የሰዓቱ ክፍያ 12 ፍራንክ መሆን አለበት። ከ10 ወደ 12 ማለት የ20 በመቶ ጭማሪ ነው። የአድማው ጥያቄ ይህች አንዲት ቁጥር ነበረች። አሠሪዎችና አስተዳደሩ «ጭማሪ ጠየቁን» ቢሉም፣ ሠራተኛው የጠየቀው የነበረው እንዳይቀነስበት ነበር።

አድማው በሴፕቴምበር ሦስተኛ ሳምንት ተጀምሮ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ዘለቀ። በመጻሕፍት ውስጥ የቀኑ ቁጥር ይለያያል፤ 73 ቀን የሚሉ አሉ፣ ከዚያ የሚያሳንሱም አሉ። «ከሁለት ወር በላይ» ብለው ቢያልፉት ማንም አይሞግትዎትም። በመጨረሻ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር የ20 በመቶው ጭማሪ በዝቅተኛው የደሞዝ ወለል ላይ እንዲጨመር ወሰነ። በወለሉ ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከወለሉ በላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ 20 በመቶ አገኘ ማለት አይደለም።

ደሞዝ ሳይቀበል ሁለት ወር የቆመ ሠራተኛ ምን በላ? ብዙ ጽሑፎች የሚዘሉት ይህን ነው። ከገጠር ሩዝና ሌላ እህል ወደ ኮናክሪ ይላክ ነበር፤ በከተማው ደግሞ ሴቶች፣ በተለይ የገበያ ነጋዴዎችና ጨርቅ ነካሪዎች፣ መዋጮ እያሰባሰቡ የአድመኛውን ቤት አቆዩ። ከሴቶቹ መሪዎች ማፎሪ ባንጉራ የተባለችው ስሟ መጠቀስ አለበት፤ በኋላ የፓርቲው የሴቶች ክንፍ መሪ ሆናለች። አድማው ባለደሞዙን ከገበሬው ጋር ያገናኘ የመጀመሪያው ትልቅ ጉዳይ ነው። የማኅበራቱ አባላት ቁጥር በ1953 መጀመሪያ ወደ 4,600 ገደማ የነበረው በ1955 ወደ 44,000 ደረሰ። ቱሬ ራሱ በአድማው ዋዜማ፣ በኦገስት 1953፣ ከቤይላ ተመርጦ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ነበር፤ ከአድማው በኋላ ግን ስሙ ከአንድ የምርጫ ወረዳ አልፎ አገር ሞላ።

የሠራተኛ ማኅበር ብቻውን አገር አያሸንፍም። በጊኒ ደሞዝ የሚቀበለው ሰው ከሕዝቡ ጥቂት መቶኛ ብቻ ነበር፤ ቀሪው ገበሬና ከብት አርቢ ነው። ቱሬ ከ1952 ጀምሮ ዋና ጸሐፊ የሆነበት የጊኒ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ የሠራተኛውን ጥያቄ ይዞ ገጠር ቢገባ የሚሰማው አልነበረም። የገጠሩ ምሬት ሌላ ነበር፤ የካንቶን (የመንደሮች ስብስብ) ሹሞች። እነዚህ ሹሞች ለፈረንሳይ ግብር የሚሰበስቡ፣ የግዳጅ ሥራ በ1946 በሕግ ከተከለከለ በኋላ እንኳ ሰውን ለእርሻቸው የሚያሰልፉ፣ እህልና ከብት የሚነጥቁ ነበሩ። ፓርቲው የገጠሩን ትግል በእነርሱ ላይ አደረገ። በፌብሩዋሪ 1955 ምባሊያ ካማራ የተባለች ነፍሰ ጡር የፓርቲው አባል በአንድ ካንቶን ሹም ሰይፍ ተመታ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ በገጠር ፓርቲውን የሚመልሰው አልተገኘም። በማርች 1957 ምርጫ ከ60 መቀመጫ ከ50 በላይ ወሰደ፤ በግዛቱ የመንግሥት ምክር ቤት ቱሬ ምክትል ሊቀ መንበር ሆነ፣ ሊቀ መንበሩ ፈረንሳዊው አገረ ገዥ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የካንቶን ሹመት በጠቅላላ ተሻረ።

የሹመቱ መሻር በ1958 ምን እንዳደረገ ኒጀርን አይቶ ማወቅ ይቻላል። በኒጀርም የመንግሥት ምክር ቤቱን የሚመራው የሠራተኛ መሪ ነበር፤ ጂቦ ባካሪ ይባላል። እርሱም በሕዝበ ውሳኔው «አይሆንም» በሉ ብሎ ቀሰቀሰ። ነገር ግን በኒጀር ሹሞቹ በቦታቸው ነበሩ፤ ፈረንሳዊው አስተዳደርም በእነርሱ በኩል ሠራ። ውጤቱ ከሦስት አራተኛ በላይ «አዎ» ሆነ፣ ባካሪም ብዙ ሳይቆይ ከሥልጣን ወረደ። ሁለት የሠራተኛ መሪዎች፣ አንድ ዓይነት ቅስቀሳ፣ ተቃራኒ ውጤት። ስለዚህ «በአንድ ንግግር» የሚለውን ከጽሑፍዎ ያውጡት።

ንግግሩ ግን ነበር፤ በትክክል ያስቀምጡት። ደጎል በኦገስት 25 ቀን 1958 ኮናክሪ ገባ፤ ቱሬ በምክር ቤቱ ፊት «በባርነት ከመበልጸግ በነፃነት መደህየትን እንመርጣለን» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው በዚያው ንግግር ውስጥ ከፈረንሳይ ጋር በእኩልነት ስለሚመሠረት ኅብረት መናገሩ ነው። በዚያ ቀን «አይሆንም ብለን እንመርጣለን» አላለም። ደጎል ተቈጥቶ፣ ነፃነት የፈለገ «አይሆንም» ብሎ ይውሰድ፣ ፈረንሳይ እንቅፋት አትሆንም፣ መዘዙን ግን ትወስናለች የሚል መልስ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ነው ግፊቱ ከታች የመጣው። ወጣቶች፣ ተማሪዎች፣ መምህራን «አይሆንም» አሉ፤ የምዕራብ አፍሪካ ሠራተኞች ማኅበራት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ባማኮ ተሰብስበው «አይሆንም» ብለው ወሰኑ፤ ፓርቲው የወሰነው ከእነርሱ በኋላ በሴፕቴምበር 14 ነው። ድምፁ ሲቈጠር 1,136,324 ሰው «አይሆንም»፣ 56,981 ሰው «አዎ» አለ። በኦክቶበር 2 ጊኒ ነፃ ሆነች፤ ቱሬ በ36 ዓመቱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ ማኅበሩ እንዴት ተዋጠ ወደሚለው፣ ስንመጣ ከነፃነት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1956 ቱሬ ከፈረንሳዩ ኮንፌዴሬሽን ተገንጥሎ የአፍሪካውያን ብቻ የሆነ ማዕከል አቋቋመ። በጃንዋሪ 1957 ኮቶኑ ላይ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ዩጂታን የሚባለው የጥቁር አፍሪካ ሠራተኞች ጠቅላላ ኅብረት ተመሠረተ። የዚህ ኅብረት መርሕ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ በአፍሪካ ውስጥ እርስ በርሱ የሚቃረን መደብ የለም፤ ያለው አንድ ተቃርኖ፣ በቅኝ ገዢና በተገዢ መካከል ያለው ነው፤ ስለዚህ የመደብ ትግል ከፀረ ቅኝ ግዛት ትግል ሥር ይውላል። ፈረንሳዊ ባለቤት ባለበት ኩባንያ ላይ አድማ ለሚመታ ሠራተኛ ይህ መርሕ ስንቅ ነው። አሠሪው አፍሪካዊ የሆነ ቀን ግን ለዚያው ሠራተኛ ልጓም ይሆናል።

ያ ቀን ደግሞ ደርሶ ነበር። ፈረንሳይ በጁን 1956 ያወጣችው ሎዋ ካድር የተባለው ሕግ ለየግዛቱ የራሱን ምክር ቤትና በጀት ሰጠ። ብዙ ሰው ይህን ወደ ነፃነት የተወሰደ እርምጃ አድርጎ ብቻ ያነባል። የሒሳቡን ጎን ያንብቡት። እስከዚያ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛው ደሞዝ ሲጠይቅ መለኪያው ፓሪስ ነበር፤ ፈረንሳዊው የሚያገኘውን ለእኔም ስጡኝ ይላል፣ ወጪው የፈረንሳይ ግምጃ ቤት ጉዳይ ነው። ከሕጉ በኋላ የአብዛኛው ሠራተኛ ደሞዝ የሚከፈለው ከግዛቱ በጀት፣ ማለትም የጊኒ ገበሬ ከሚከፍለው ግብር ሆነ። ትናንት የማኅበር ዋና ጸሐፊ የነበረው ሰው ዛሬ ደሞዝ ከፋይ ነው። ቱሬ በ1958 መጀመሪያ፣ ነፃነት ገና ሳይታሰብ፣ ለማኅበራቱ ሰዎች ነገሩን በግልጽ ተናገረ፤ በቅኝ ገዢው ላይ የሚደረግ አድማ ትክክል ነው፣ በአፍሪካዊ መንግሥት ላይ የሚደረግ አድማ ግን የአፍሪካን ሥልጣን ይጎዳል፤ እንዲህ ያለው አድማ በታሪክ ሊታሰብ የማይገባው ነው። በወቅቱ የክርስቲያን ሠራተኞች ማኅበራት መሪ የነበረው ዳቪድ ሱማ ይህን አይቶ አስጠነቀቀ፤ ማኅበርን ለመንግሥታትና ለፖለቲካ ሰዎች በጎ ፈቃድ የሚያስገዛ አንድነት የሕዝቡን ትግል ያመክነዋል አለ። ከጽሑፍዎ ቢቀር የሚቈጨኝ ይህ የቱሬና የሱማ ክርክር ነው። ሁለቱም ጊኒያዊ፣ ሁለቱም የማኅበር ሰው፤ ሱማ የፈራው ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ደረሰ።

የፈረንሳይን በደል አልክድም፤ ተማሪዎችዎም ሊያውቁት ይገባል። ከ«አይሆንም» በኋላ ፈረንሳውያን ሠራተኞች በሳምንታት ውስጥ ወጡ፤ ሲወጡም ስልክና የቢሮ ዕቃ ነቅለው፣ ሰነድ ይዘው ወይም አጥፍተው ሄዱ። የገንዘብ ድጋፉ ተቋረጠ። ጋና 10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ለመስጠት ቃል ገባች፤ ሶቪየቶችና የምሥራቅ አውሮፓ አገሮችም መጡ። ጊኒ በማርች 1960 የራሷን ፍራንክ ስታወጣ የፈረንሳይ የስለላ ድርጅት ሐሰተኛ የጊኒ ገንዘብ አሳትሞ አሠራጨ፤ ይህ ወሬ አይደለም፣ የተረጋገጠ ነው። በኋላም በኖቬምበር 22 ቀን 1970 የፖርቱጋል ጦር ከጊኒያዊ ስደተኞች ጋር ሆኖ በባሕር ኮናክሪን ወረረ፤ የመጣው እዚያ የነበሩትን የጊኒ ቢሳው ነፃ አውጪዎች ለመምታትና በእነርሱ እጅ የነበሩትን ፖርቱጋላውያን እስረኞች ለማስፈታት፣ መንግሥቱንም ለመገልበጥ ነበር። ሴራ ስለመኖሩ ቱሬ አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ የሚያስረዱት ፍርሃቱን ነው፤ የማኅበሩን ዕጣ አያስረዱም። በማኅበሩ ላይ የተፈረደው ሐሰተኛው ገንዘብ ከመታተሙ፣ ወረራውም ከመድረሱ በፊት ነው።

ነፃነት ሲመጣ ማኅበራቱ በአንድ ብሔራዊ ኮንፌዴሬሽን ተጠቃለሉ፤ ኮንፌዴሬሽኑም የፓርቲው ክንፍ ሆነ። ትልልቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት እየዞሩ ሲሄዱ ደሞዝተኛው በአብዛኛው የመንግሥት ተቀጣሪ ሆነ። ከዚህ በኋላ የኅብረት ድርድር የሚባለው ነገር ሁለት ወገን አልነበረውም፤ አሠሪው ፓርቲው ነው፣ ማኅበሩም ፓርቲው ነው፣ ዳኛውም ያው ነው። በኖቬምበር 1961 የመምህራን ማኅበር ስለ ደሞዝና ስለ ቤት አበል ማስታወሻ ጽፎ አቀረበ። ከይዘቱ አንጻር ቱሬ ከአሥር ዓመት በፊት ለፈረንሳዮች ሲጽፈው ከነበረው የሚለይ አልነበረም። መሪዎቹ ተይዘው «በሴራ» ተከሰሱ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ተፈረደባቸው። ከታሰሩት መካከል የማኅበሩ መሪ ኬይታ ኩማንዲያንና የታሪክ ጸሐፊው ጂብሪል ታምሲር ኒያን ነበሩ። ኩማንዲያን «አይሆንም» ከማለት ወደ ኋላ ያላለ፣ ነፃነትን ከፓርቲው አስቀድሞ ከጠየቁት ወገን ነበር። ተማሪዎች መምህራኖቻቸውን ደግፈው ወጡ፤ ወታደር በተናቸው። በዲሴምበር ደግሞ የሶቪየት አምባሳደር ዳንኤል ሶሎድ በሴራው እጁ አለበት ተብሎ ተባረረ። ይህም «ኮሚኒስት ስለነበር ነው ማኅበር ያጠፋው» ለሚሉት መልስ ይሆናል።

ከመምህራኑ በኋላ ያለውን በአጭሩ ይለፉት፤ ያው ዘዴ ሲደጋገም ነው የሚታየው። ነጋዴው ሲያጉረመርም ሴራ፣ መኰንኑ ሲጠረጠር ሴራ። ከ1970ው ወረራ በኋላ ብዙ ሰው ታሰረ፣ በጃንዋሪ 1971 በአደባባይ የተሰቀሉ ነበሩ። ቦይሮ የተባለው፣ የፖለቲካ እስረኞች የሚታጐሩበት የኮናክሪ ጦር ሰፈር በአገሩ ታሪክ ከባዱ ስም ሆነ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ቅርብ የሆነ ሰው አለ፤ ዲያሎ ቴሊ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆኖ ከ1964 እስከ 1972 አዲስ አበባ የሠራው እርሱ ነው። ጊዜው ሲያበቃ ወደ አገሩ ተመልሶ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። በጁላይ 1976 ተያዘ፤ በ1977 መጀመሪያ ቦይሮ ውስጥ ምግብና ውኃ ተከልክሎ ሞተ። በዚያው ዓመት በኦገስት መጨረሻ የኮናክሪ ገበያ ሴቶች ንግዱን በሚቈጣጠረው፣ ኢኮኖሚ ፖሊስ በሚባለው ላይ ተነሥተው ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመሙ፤ ቱሬም ፖሊሱን አፈረሰ፣ ንግዱን አላላ። በ1953 አድመኛውን የመገቡት የገበያ ሴቶች ነበሩ፤ ቱሬን ሐሳቡን ያስቀየረውም ከማንም በላይ የእነርሱ ወገን ነው። እርሱ በማርች 26 ቀን 1984 ለልብ ሕክምና በሄደበት አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ፣ ሞተ፤ በሳምንቱ ጦሩ ሥልጣን ያዘ።

«ሌላ መንገድ ነበረው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። ለዚህ ጃማይካን ያስቀምጡለት። አሌክሳንደር ቡስታማንቴም የሠራተኛ መሪ ነበር፤ በ1938ቱ የጃማይካ ሁከት ጊዜ ስሙ ወጥቶ በራሱ ስም የሚጠራ ማኅበር አቋቋመ፣ በ1962 የነፃዪቱ ጃማይካ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እርሱም ማኅበሩን ከፓርቲው አልለየም፤ በዚህ ከቱሬ አይሻልም። ልዩነቱ ተቃዋሚው ፓርቲም የራሱ ማኅበር ነበረው። በስኳር እርሻ የሚሠራ ሰው አንዱ ማኅበር ለመንግሥት ሲያጎበድድ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል፤ መንግሥትም በምርጫ ሊወርድ ይችላል። ይህን ሲያነጻጽሩ አንድ ገደብ ያስታውሱ፤ ጃማይካን እንግሊዝ በገንዘብ አልቀጣቻትም፣ ሐሰተኛ ገንዘብም አላተመችባትም። ስለዚህ ንጽጽሩ የሚያሳየው የማኅበራት ቁጥር የሚያመጣውን ልዩነት ነው እንጂ ቡስታማንቴ ደግ ሰው፣ ቱሬ ክፉ ሰው መሆናቸውን አይደለም።

ተማሪዎች ወደ አገራችን ማምጣታቸውም አይቀርም፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በ1968 ዓ.ም. ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር (መኢሠማ) መተካቱን ያነሣሉ። ውጤቱ ይመሳሰላል፣ አመጣጡ ግን ይለያል። ደርግ ማኅበሩን ከውጭ መጥቶ አፈረሰው፤ መሪዎቹንም አሰረ። ቱሬ ማንንም ማፍረስ አላስፈለገውም፤ ቀድሞ የማኅበሩ ባለቤት ነበር። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ካስቀመጧቸው የጊኒው ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ነገር ይጠፋል።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ጽሑፉን ከ1958 አይጀምሩ፤ ከ1958 የሚጀምር ጽሑፍ ሁሉ «ጀግና ነበር፣ ተበላሸ» ወደሚለው ይንሸራተታል። ከ1953ቱ አድማ ይነሡ፣ በ1958 መጀመሪያ ቱሬ ስለ አድማ የተናገረውን መሀል ላይ ያድርጉ፣ በ1961 የመምህራን ክስ ይዝጉ። የደጎል ጉብኝት በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። ለክፍል ሥራ የ48ና የ40 ሰዓቱን ስሌት ተማሪዎቹ ራሳቸው ያስሉት፤ ደቂቃዎች የሚወስድ ነው፣ አድማው ለምን እንደተደገፈም ከየትኛውም ገለጻ በላይ ያስረዳል። ከዚያ ያንኑ ስሌት ደሞዝ ከፋዩ የጊኒ መንግሥት ሆኖ ይድገሙትና 20 በመቶው ከማን ኪስ እንደሚወጣ ይጠይቋቸው። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ራሱ ይነሣል፤ ግማሹ ክፍል ከቱሬ ጋር፣ ግማሹ ከሱማ ጋር ቢሆን ትምህርቱ ሠምሯል።

ስለ ቁጥርና ስም ጥቂት ጥንቃቄ ላክል። በቦይሮ ስለ ሞቱት ሰዎች 50,000 የሚል ቁጥር ተደጋግሞ ያገኛሉ፤ ግምት ነው፣ በስም የተመዘገቡት ከዚያ በብዙ ያንሳሉ። «በብዙ ሺዎች የሚገመቱ» ብለው ይጻፉ። ስለተሰደዱትም እንዲሁ፤ ግምቶቹ በጣም ስለሚራራቁ አንዱን ቁጥር መርጠው አይደምድሙ። ጊኒን ከጊኒ ቢሳውና ከኢኳቶሪያል ጊኒ የሚያሳይ ካርታ ከጽሑፉ ጋር ያያይዙ፤ በ1970ው ወረራ ታሪክ ላይ ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቱሬን ንግግሮች ከመንግሥቱ ኅትመቶች ከወሰዱ ደግሞ ቀኑን ከሌላ ምንጭ ጋር ያመሳክሩ፤ ከ1958 በፊት የተነገሩት በኋላ ሲታተሙ ከነበሩት ይልቅ «አይሆንም»ን ቀድመው የወሰኑ መስለው እንዲነበቡ ሆነው ሊያገኟቸው ይችላሉ።